ፒንግያዎን በካሜራ፦ ግንብ ለከበባት አሮጌ የቻይና ከተማ የፎቶ መመሪያ

ቤጂንግና ሻንጋይ ደርሶ የሚመለስ ሐበሻ ብዙ ነው። ነጋዴዎቻችንም ጓንግዡን አብጠርጥረው ያውቋታል። ጥንታዊቷን ቻይና በካሜራ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ግን እኔ የምመክረው ከእነዚህ ሁሉ በጣም የምታንስ ከተማ ነው። ፒንግያዎ ትባላለች። ሻንሺ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ከታይዩዋን ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች።

ከተማዋን 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን ግንብ ይከባታል። ዛሬ የምናየው ግንብ የተገነባው በሚንግ ሥርወ መንግሥት መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1370 ነው። ውስጡ የተጠቀጠቀ አፈር፣ ውጪው ጡብ ነው። ዩኔስኮ በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ሙዚየም ብቻ ሆና አልቀረችም፤ ከግንቡ ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል። የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ አትክልት ይሸጣል፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ተብሎ ቼዝ ይጫወታሉ።

ኢንተርኔት ላይ የፒንግያዎን ፎቶ ብትፈልጉ ግን አንድ ዓይነት ምስል ነው የሚደጋገመው፦ ቀይ ፋኖስ፣ በሰው የተሞላ መንገድ፣ መሃል ላይ ማማ። ያንን ፎቶ እናንተም አንሱት፣ ችግር የለውም። አብዛኛው ጎብኚ እሱን ብቻ ይዞ የሚመለሰው በቀን መጥቶ በቀን ስለሚሄድ ነው። የፒንግያዎ መንገዶች ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅና ምዕራብን ተከትለው የተቀየሱ ናቸው። ስለዚህ ፀሐይ በስንት ሰዓት የትኛውን ግድግዳ እንደምትመታ ከመሄዳችሁ በፊት ማወቅ ትችላላችሁ። ይህ መመሪያ በሙሉ የቆመው በዚህች ነገር ላይ ነው።

መቼ ይኬድ?

የእኛ ክረምት የእነሱም የዝናብ ጊዜ ነው። ልዩነቱ እዚያ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ከኃይለኛ ሙቀት ጋር መምጣቱ ነው። እርጥብ ድንጋይ የፋኖስ ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ዝናብን አትጥሉት። ግን ላብ በላብ ትሆናላችሁ። ጥር ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሻንሺ የድንጋይ ከሰል አገር ስለሆነች አየሩም የሚጨልምባቸው ቀናት አሉ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አቧራ ሊኖር ይችላል።

የእኔ ምርጫ መስከረም ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ ብርዱም ገና ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፒንግያዎ ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የሚካሄደው በዚሁ ወቅት ነው። አሮጌ ፋብሪካዎች ኤግዚቢሽን ማሳያ ይሆናሉ። የሌሎችን ሥራ እያዩ የራስን መሥራት እንዴት እንደሚያነቃቃ የሞከረው ያውቀዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ባለው የብሔራዊ በዓል ሳምንት አትሂዱ። በሜይ 1 እና በቻይና አዲስ ዓመት ሰሞንም እንዲሁ። መንገዱ ላይ መቆሚያ አይኖርም፣ የአልጋ ዋጋም ይሰቀላል።

አደራረስና ማደሪያ

ከአዲስ አበባ ቤጂንግ ድረስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀጥታ በረራ አለው። ከቤጂንግ በፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሺያን የምትመጡ ከሆነ ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ትኬት የሚቆረጠው በፓስፖርት ነው። የፈጣኑ ባቡር ጣቢያ ከግንቡ ውጪ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ያስፈልጋችኋል።

እባካችሁ ከግንቡ ውስጥ እደሩ። ምክሬ ሁሉ ቢረሳ ይህቺ ብቻ ትያዝልኝ። የቀን ጎብኚዎች የሚመጡት ረፈድ ሲል ነው፣ የሚሄዱትም ሲመሽ። ምርጡ ብርሃን ያለው እነሱ በሌሉበት ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ማደሪያዎች ድሮ የነጋዴ ቤት የነበሩ፣ መሃላቸው ክፍት የሆነ ግቢዎች ናቸው። አንዳንዱ ክፍል ካንግ የሚባል ከሥሩ የሚሞቅ ሰፊ የጡብ መደብ አለው። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ከአልጋ ወርዳችሁ የመጀመሪያውን ፎቶ በተኛችሁበት ግቢ ማንሳት ትችላላችሁ። አልጋ ስትይዙ የውጭ ዜጋ የሚቀበል መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ አንዱ ቀን ቢደምን ሌላው ይክሳል።

ምን ይያዝ?

ብዙ አትሸከሙ። ለመንገድ 35 ሚሊ ሜትር ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ሌንስ፣ ለጠባብ ግቢ ደግሞ 16 ወይም 20 የሚደርስ ሰፊ ሌንስ ይበቃል። ቦታ ካላችሁ ከ70 እስከ 200 የሚሄደውን ጨምሩ፤ ግንቡ ላይ ስትወጡ ታመሰግኑኛላችሁ። ለማታ ቀለል ያለ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ያዙ። በስልክ የምታነሱም ብትሆኑ አትፍሩ፣ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ምክር ለስልክም ይሠራል።

ኤሌክትሪኩ እንደኛው 220 ቮልት ነው። የሶኬቱ ቅርጽ ግን ስለሚለይ አዳፕተር ያዙ። ፓወር ባንክ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ከጁን 28፣ 2025 ጀምሮ በቻይና የአገር ውስጥ በረራ ላይ የቻይና የጥራት ምልክት፣ ማለትም «3ሲ» የሚባለው፣ የሌለበት ፓወር ባንክ አይፈቀድም። ፍተሻ ላይ ይወሰድባችኋል። ትርፍ የካሜራ ባትሪ ሁሌም በእጅ ቦርሳ ነው የሚሄደው።

ድሮን ቤት ይቅር። ከ2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት ማንኛውም ድሮን በባለቤቱ ስም መመዝገብ አለበት። የበረራ ክልሉም ጥብቅ ነው። ለሁለት ቀን ጉዞ ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? የጣሪያ ፎቶ ከፈለጋችሁ ግንቡ አለላችሁ።

ጉግል ቻይና ውስጥ አይሠራም። ካርታውም፣ ፎቶ ማስቀመጫውም፣ ኢሜይሉም። ኢንስታግራምና ፌስቡክም ያው ናቸው። ስለዚህ ፎቶዎቼ ራሳቸው ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣሉ ብላችሁ አትመኑ። ትንሽ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ በየማታው ገልብጡ። ለክፍያ አሊፔይ ወይም ዊቻት በሚባሉት የቻይና የስልክ መተግበሪያዎች ላይ ቪዛ ወይም ማስተር ካርዳችሁን ከመነሳታችሁ በፊት አስገቡ። ኑድል ሻጩም ሳይቀር የሚቀበለው በስልክ ነው።

ብርሃኑን ካርታ ላይ ማንበብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከመሄዳችሁ በፊት የከተማዋን ካርታ ክፈቱና አራት ነገር ለዩ፦ ደቡብ መንገድ፣ ምዕራብ መንገድ፣ ምሥራቅ መንገድ እና የገበያው ማማ። ማማው ያለው ደቡብ መንገድ ላይ ነው፤ ከፍታው 18 ሜትር ያልፋል። ዙሪያው ያሉት ቤቶች አንድ ወይም ሁለት ፎቅ ብቻ ስለሆኑ ከሁሉም በላይ ጎልቶ ይታያል።

ቀጥሎ ሰዓት። ቻይና በሙሉ የምትሠራው በአንድ ሰዓት ነው። ፒንግያዎ ደግሞ ሰዓቱ ከተለካበት መስመር ወደ ምዕራብ ስለምትገኝ ፀሐይ ከምትጠብቁት ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይታ ትወጣለች። በእኛ አቆጣጠር ልጻፈው። በጁን አጋማሽ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ10 ገደማ ወጥታ፣ ማታ 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ትጠልቃለች። በሴፕቴምበር መጨረሻ መውጫዋም መጥለቂያዋም 12 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ጠዋት 1 ሰዓት ከ40 ገደማ ወጥታ 11 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ትጠልቃለች። ስልካችሁ ላይ 6:20 ሲል የእኛ 12:20 መሆኑን አትርሱ። ደውል ስትሞሉ እንዳትሳሳቱ።

አሁን ሁለቱን አገናኙ። ምሥራቅና ምዕራብ መንገድ ፀሐይ በምትሄድበት አቅጣጫ የተዘረጉ ናቸው። በመስከረም ጠዋት ብርሃኑ በመንገዱ ርዝመት ይፈሳል። ፊታችሁን ወደ ፀሐይ ብታዞሩ ሰው ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል፣ የምግብ ቤቱ እንፋሎት ግን ያበራል። ጀርባ ብትሰጧት የጡቡ ግራጫ ቀለም ሞቅ ይላል፣ የበሩ ቅርጻ ቅርጽ ሁሉ ይነበባል። በሁለቱም አቅጣጫ አንሱ። እኔ የማደላው ለመጀመሪያው ነው።

ደቡብ መንገድ ተቃራኒ ነው። ፀሐይ ከጎን ስለምትመጣ ጠዋት መንገዱ ራሱ ጥላ ውስጥ ነው። ብርሃን የሚያገኙት የጣሪያው ጫፍና ማማው ብቻ ናቸው። ይህ ሁለት ነገር ይሰጣችኋል። አንደኛ፣ ማማው የመጀመሪያውን ወርቃማ ብርሃን ብቻውን ይቀበላል። ለእሱ ብርሃን ለኩና ከታች ያለው ሁሉ ይጨልም። ሁለተኛ፣ ጥላው ለስላሳ ስለሆነ የሰው ፊት ለማንሳት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

የመጀመሪያው ጠዋት

ፀሐይ ከመውጣቷ 40 ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ። በዚህ ሰዓት መንገዱ ላይ ያሉት ጠራጊዎች፣ አትክልት የጫኑ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቶችና ውሾች ናቸው። ዋናውን መንገድ በአንድ ዙር ጨርሱና ወደ ቅያሶቹ ግቡ። በቅያሶቹ ሱቅ የለም፣ ፋኖስም ጥቂት ነው። መስኮት የሌለው ረጅም የግቢ አጥር ብቻ ይታያል። መጀመሪያ ላይ ባዶ ይመስላል። አንድ ቦታ መርጣችሁ ቁሙ። አንድ በር፣ አንድ ጥግ፣ ብርሃን የምታስገባ አንዲት ክፍተት። ካሜራውን አስተካክላችሁ ሰው እስኪያልፍ ጠብቁ። ፎቶ ፍለጋ ከመሮጥ መጠበቅ ይሻላል።

ከጥንታዊዎቹ የግንብ በሮች ሥር ድንጋዩን ተመልከቱት። የጋሪ ጎማ ለዘመናት ያበጀው ቦይ አለ። ካሜራውን መሬት አስነክታችሁ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ አንሱት። ብስክሌት በላዩ ሲያልፍ ካገኛችሁማ ምን ትፈልጋላችሁ!

ግንቡ ላይ

ለግንቡና ለቤተ መዘክሮቹ ጥምር ቲኬት አለ፤ መንገዱ ላይ መሄድ ግን ነፃ ነው። ግንቡ የሚከፈተው በቀን ብቻ ስለሆነ በጁን አካባቢ ንጋቱን ከላይ አታገኙትም። በዲሴምበርና በጃንዋሪ ግን፣ ፀሐይ ዘግይታ ስለምትወጣ፣ እንደተከፈተ ብትገቡ ጥላው ገና ረጅም ነው። ሰዓቱን በዋዜማው በሩ ላይ እዩ። ዙሪያው በሙሉ ክፍት ላይሆን እንደሚችልም እወቁ። በኦክቶበር 2021 የጣለው ከባድ ዝናብ ከግንቡ የተወሰነውን ክፍል ደርምሶ ነበር።

ግንቡ 72 የዘብ ማማና አናቱ ላይ እንደ ጥርስ የተደረደሩ 3000 ገደማ ጉብታዎች አሉት። ቁጥሩ የጥንቱን የቻይና ፈላስፋ የኮንፊሽየስን 72 ምርጥ ደቀ መዛሙርትና 3000 ተማሪዎች እንዲያስታውስ ነው ይባላል። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ጥላው ነው። ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥርሶቹ መሄጃው ላይ የጥላ መስመር ይጥላሉ። ዝቅ ብላችሁ በረጅሙ ሌንስ ብታነሱት ድግግሞሹ ምት ይኖረዋል።

ከዚያ ፊታችሁን ወደ ከተማው አዙሩ። የአካባቢው ቤቶች ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ ያዘነብላል፣ እሱም ወደ ግቢው ውስጥ። ዝናብ የሀብት ምልክት ነውና ውሃው ወደ ጎረቤት እንዳይፈስ ነው ይላሉ። ነጋዴ ነጋዴ ነው! ይህ ቅርጽ ከመንገድ አይታይም፤ ከላይ ግን በግልጽ ይነበባል። ከምሥራቁ ግንብ ላይ አመሻሽ ላይ ወደ ምዕራብ ብትመለከቱ ፀሐይ ከጣሪያዎቹ ጀርባ ስለምትሆን የጣሪያው ጠርዝ ሁሉ እንደ መስመር ይቀራል። ለዚህ 135 ወይም 200 ሚሊ ሜትር ተጠቀሙ። ሰፊ ሌንስ ጣሪያዎቹን ያሳንሳቸዋል፣ ሰማይ ብቻ ያተርፋችኋል።

እኩለ ቀን፦ ወደ ግቢዎቹ

ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መንገዱ በሰው ይሞላል፣ ብርሃኑም ይከርራል። ያን ጊዜ ግቢዎቹ ውስጥ ግቡ። መጀመሪያ ምዕራብ መንገድ ላይ ወዳለው ሪሸንግቻንግ ሂዱ። የቀለም ንግድ ቤት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1823 የሐዋላ ቤት ሆነ። ብር በጋሪ ጭኖ ሽፍታ ከመፍራት፣ እዚህ አስረክቦ በወረቀት ሌላ ከተማ መቀበል የተጀመረው በዚህ ቤት ነው ይባላል። በ1914 ከሰረ። ዛሬ ቤተ መዘክር ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ግቢ ስታነሱ ትልቁ ችግር የብርሃን ልዩነት ነው። መሃሉ ያቃጥላል፣ ክፍሎቹ ጨለማ ናቸው። ሁለቱንም አንድ ላይ ለማሳየት አትታገሉ። ክፍሉ ውስጥ ቆማችሁ በሩን እንደ ፍሬም ተጠቀሙበትና ለውጪው ብርሃን ለኩ። ወይም ጀርባችሁን ለግቢው ሰጥታችሁ በመስኮቱ ወረቀት የሚገባውን ብርሃን ብቻ አንሱ። ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ወደ ላይ ካዘነበለ ምሰሶዎቹ የሚወድቁ ይመስላሉ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዳኦሺያኦ የሚባለውን ኑድል የሚሠራ ቤት ፈልጉ። አብሳዩ ሊጡን በአንድ እጅ ይዞ፣ በሌላው በቢላ እየላጠ ቀጥታ ወደሚፈላው ድስት ይወረውረዋል። ሹተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ አድርጉ፤ ሊጡ አየር ላይ ይያዛል። ከእንፋሎቱ ጀርባ ጨለማ ነገር እንዲኖር ቁሙ፤ ነጭ ግድግዳ ላይ እንፋሎት አይታይም። ከዚያ ብሉ እንጂ፣ ፎቶ አንስቶ መሄድ ነውር ነው።

ከሰዓት በኋላ ጊዜ ካላችሁ፣ ከከተማው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያለውን የሹዋንግሊን ገዳም እዩ። ከ2000 በላይ ቀለም የተቀቡ የጭቃ ቅርጾች አሉበት። ፍላሽ አይፈቀድም። ፎቶ ጨርሶ የተከለከለበት ክፍል ካለ ደግሞ ምልክቱን አክብሩ። የተፈቀደበት ቦታ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) ከፍ አድርጋችሁ፣ ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ ደግፋችሁ አንሱ።

ፋኖሶቹ ሲበሩ

ሁሉም የሚያነሳው ፎቶ ይኸው መጣ። ሁሉም የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሰማዩ ጥቁር ከሆነ በኋላ ያነሳሉ። ፋኖሱ ነጭ ቀዳዳ፣ ሰማዩ ጥቁር ጨርቅ ይሆናል። ትክክለኛው ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀች ከ15 እስከ 35 ደቂቃ ነው። ያኔ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፣ ከፋኖሱ ብርሃን ጋርም ይመጣጠናል። ስለዚህ ቦታችሁን ቀድማችሁ ያዙ። ደቡብ መንገድ ላይ፣ ከማማው ራቅ ብላችሁ፣ ማማው ከመንገዱ መሃል ትንሽ ወደ ጎን እንዲሆን ቁሙ።

በእጅ የምታነሱ ከሆነ በአይኤስኦ 1600፣ በኤፍ 2.8 (የሌንሱ ክፍተት)፣ በ1/50 ሰከንድ ጀምሩና እየቀነሳችሁ እየጨመራችሁ ሂዱ። ብርሃን የምትለኩት ለፋኖሱ ነው፤ ቀዩ ቀይ ሆኖ ከቀረ ጨለማው በኋላ ይስተካከላል። የሱቆቹ መብራት ኤልኢዲ ከሆነ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ሊወጡ ይችላሉ። የኤሌክትሪኩ ምት 50 ኸርትዝ ስለሆነ 1/50 ወይም 1/100 ላይ ብትሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። የቀለም ሙቀቱን (ዋይት ባላንስ የሚባለውን) 4000 ኬልቪን አካባቢ አድርጉ፤ በአውቶ ከተዋችሁት ካሜራው ሙቀቱን ሊያጠፋው ይችላል። በስልክ ከሆነ ፋኖሱን ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቱ።

ትራይፖድ ካላችሁ አይኤስኦ 100 አድርጉና ሁለት ሰከንድ ያህል ክፈቱ። የሚሄደው ሰው ይደበዝዛል፣ የቆመው ይቀራል። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ መንገዱ በዙሪያቸው ሲፈስ ካገኛችሁ ቶሎ አንሱ። መንገድ ግን አትዝጉ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ድምፅ ሳያሰማ ከኋላችሁ ይመጣል።

ሰውን ማንሳት

ፎቶ አንሺ ሆናችሁ ሄዳችሁ የምትነሱት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እንዲህ ባለ ትንሽ ከተማ ጥቁር ጎብኚ ብዙ አይታይም። አንዱ መጥቶ አብረን እንነሳ ይላል፣ ሌላው ከሩቅ ስልኩን ያነጣጥራል። ደስ የማይል ቀን ይኖራል፤ እጅ አወዛውዞ አይሆንም ማለት መብታችሁ ነው። ደስ ያላችሁ ቀን ግን ይህ ትልቅ በር ነው። አብሯችሁ የተነሳ ሰው «እኔም ላንሳህ» ስትሉት እምቢ ማለት ይከብደዋል። ዊቻት ላይ ጓደኛ አድርጋችሁ ፎቶውን ወዲያው ላኩለት። በማግስቱ ሰላም የሚላችሁ ሰው አገኛችሁ ማለት ነው።

ለመጠየቅ «ኬ ዪ ፓይ ማ?» በሉ፤ ማንሳት ይቻላል ወይ ማለት ነው። ቋንቋው ቢጠፋባችሁ ካሜራውን ከፍ አድርጎ ፈገግ ማለት ይበቃል። እጁን ካወዛወዘ ወይም ፊቱን ካዞረ ተዉት። ሕፃን ከሆነ ወላጁን ጠይቁ። ቼዝ የሚጫወቱ ሽማግሌዎችን ስታነሱ ወዲያው አትተኩሱ። ቁሙ፣ ጨዋታውን እዩ፣ አንዱ ሲሸነፍ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ማንም ካሜራችሁን አያስተውልም። ፖሊስና የጸጥታ ፍተሻ ግን አይነሱም።

የአገሬውን የባሕል ልብስ ተከራይተው የሚነሱ ወጣት ሴቶች በየጥጉ ታያላችሁ። የራሳቸው ፎቶ አንሺ ካላቸው ከጀርባው ቆሞ መስረቅ ደስ አይልም። እኔ ብሆን የምመርጠው ፎቶ ሲያልቅ የሚሆነውን ነው፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ኑድል ሲበሉ።

ከፒንግያዎ የእጅ ሥራዎች ደግሞ ላከር በሚባል አንጸባራቂ ቀለም የተቀባው የእንጨት ዕቃ ይታወቃል። ባለሙያው ቀለሙን የሚያወለውለው በመዳፉ ነው። ሲያሹት ካገኛችሁ ፊቱን ተዉና እጁን አንሱ፣ ከመስኮቱ ጎን ሆናችሁ። የተወለወለው ገጽ መስኮቱን መልሶ ያሳያል፤ ነጸብራቁ እስኪገጥም ግማሽ እርምጃ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሞክሩ።

ማታ፣ ክፍል ውስጥ

ፎቶውን ገልብጡ፣ ባትሪውን ሰኩ፣ የነገውን ደውል ሙሉ። ብርድ ላይ ውላችሁ ከገባችሁ ካሜራውን ከቦርሳው ቶሎ አታውጡት። በፌስታል ተጠቅልሎ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ አለዚያ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል።

ከዚያ ቀኑን ያነሳችሁትን በፍጥነት አገላብጡ። የምትፈልጉት የጎደለውን ነው። ሁሉም ፎቶ ሰፊ ከሆነ ነገ ቀረብ በሉ። ሁሉም ሕንጻ ከሆነ ነገ ሰው ፈልጉ። ቀለሙን ስታስተካክሉ ቀዩን አታብዙት፣ ግራጫውን ጡብ ግን ጠብቁት። ፋኖሱ የሚያምረው ዙሪያው ግራጫ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ጠዋት ላይ ደግሞ የመጀመሪያውን መንገድ አትድገሙት፤ ትናንት ወደ ምሥራቅ ከወጣችሁ ዛሬ ከምዕራቡ በር ጀምሩ።